ማክሰኞ የሚመጣ ውሃ

ብሎክ ሠላሳ ሁለት፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ቧንቧው ሲስል ያድራል እንደ በሽተኛ።
ኮዬ ፈጬ ላይ ውሃ እንግዳ ነው፤
ሲመጣም ማክሰኞ፣ ሲመጣም በሌሊት፣
ባልዲ ሲንጋጋ፣ ሰው "መጣ!" ሲልለት።

በዚያ ሌሊት ነበር፣ በርሜሌን ሞልቼ፣
በተረፈኝ ጆግ ውሃ ልታጠብ ገብቼ፣
ሳሙና የያዘው መዳፌ የቆመው።
ከግራው ጡቴ ጎን፣ ወደ ብብት ጠጋ፣
አንድ ነገር ነካሁ፤ ክብ ነው፣ ልስልስ ነው፣
ሲጫኑት ይሸሻል፣ ሲለቁት እዚያው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት
የተማሪ ልብስ ስቆርጥ ስዘመዝም፣
ገበር ውስጥ የጠፋ ቁልፍ ቢሆን መርፌ
ዐይኔን ሳልገልጥ ነው በጣቴ የማገኝ፤
ይህን ቁልፍ ግን ማን ከቆዳዬ ሥር ሰፋብኝ?

ዓመቱን በሙሉ እንዲያው ነበር ነገሬ፤
የወር አበባዬ ይቀራል፣ ይጠፋል፣
ረሳሁት ስል ደግሞ
እንደ አበዳሪ ሰው ሳይጠሩት ይመጣል።
ከደረቴ ተነሥቶ እስከ ጆሮዬ ድረስ
እሳት ሲለቅብኝ መስኮት እከፍታለሁ፤
"ብርድ አስገባሽ" ይላል ባሌ ተከናንቦ፤
እኔ ላብ በላብ ነኝ፣ መልስ አልመልስለት።
ጡቴ ይከብደኛል፣ ይጎረብጠኛል፣
የሚጠባው ሳይኖር እንደ አራስ ይወጥረኛል።
አያንቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ "ማረጥ ነው" አለችኝ፣
ቀለል አድርጋ፣ ሽንኩርት እየላጠች።

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለማንም አልነገርኩም።
ያንን በሽታ ስሙን በልቤም አልጠራሁም፤
ስሙን ስላልጠሩት ቤት ለቆ አይሄድም።
የእቁቤን ቁጥር ለልጄ ነገርኳት፤
"ምነው?" ብትለኝ፣ "ለጠቅላላ ዕውቀት"።
አንድ ሸሚዝ ላይ ሁለት ግራ እጅጌ ሰፋሁ፤
ሁለቱም ግራ ነው። እሱን ሳይ ነው የፈራሁ።

ቱሉ ዲምቱ ወርጄ ካርድ አወጣሁ፣ ተራ ያዝኩ።
"ዘርፈሽዋል ታምሩ!" ሲባል፣ ስሜን የሌላ ሰው መሰለኝ።
ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ ማሽኑን ስታስኬድ
ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣
ከላይ ሲያዩት የጉድጓድ ውሃ የመሰለ።
"አይዞዎት" አለችኝ ዶክተር ሰሎሜ፣
"ውሃ የቋጠረ እጢ ነው፣ እማማ፣ በዚህ ዕድሜ
ብዙ ሴት ያገኛል።"
መርፌው አላመመኝም። ያመመኝ "እማማ"።

ውሃ!
ሳቄ አመለጠኝ፤ ዶክተሯ አልገባት፤
እሷ መሃል ከተማ ናት፣ ቧንቧ የማይደርቅባት።
ቢሮ ስንመላለስ፣ ፊርማ ስናሰባስብ፣ ስንከስ፣
የት ገባ ያልነው ውሃ
ለካስ እኔ ጡት ውስጥ ከትሟል በጸጥታ።

ስሪንጋው ሲሞላ ስስ ሻይ ይመስላል።
ጣቴን ላክሁት፤ ቁልፉ የለም።
የአሥራ አንድ ሌሊት ፍርሃት ውሃ ሆኖ ቀረ።
"ደግሞ ሊሞላ ይችላል፤ ቢሞላ አይደንግጡ፤
ግን ሁሉ እብጠት ውሃ አይደለም። ሌላ ካገኙ
አሥራ አንድ ቀን ሳይሆን በማግስቱ ይምጡ።"

ማክሰኞ ሌሊት ጄሪካን ደርድረን
ነገርኳቸው ሁሉን፣ በሞባይል መብራት።
ዝም አሉ። ከጋቢው፣ ከነጠላው ሥር ግን
የሁሉም እጅ ሲሄድ በጨለማ አየሁት።
አያንቱ፣ ያቺ ሁሉን የምታቀል፣
"የኔስ ሦስት ዓመቱ" አለች። ሌላ አልጨመረችም።
"ለማን ነገርሽ?" አልኳት።
ጄሪካኗን አየች።

"መጣ!" አለ አንድ ሰው ከታች። ሁሉም ሮጠ።
ሁለታችን ቀረን።

አሁን ሊነጋ ነው። በመጀመሪያው ታክሲ
ይዣት ልሄድ ነው።
እስከዚያ ያን ሸሚዝ ከከረጢት አውጥቼ
አንዱን ግራ እጅጌ እየተረተርኩ ነው፤
ክሩን በጥርሴ ይዤ፣ ከንፈሬ ሳይከፈት፦
የእሷም ውሃ ይሁን።
ውሃ ይሁን የእሷም።